ከልጅ ጋር ጓዝ ተሸክሞ ለማደር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ ጀማሪዎች

ልጅ ይዞ፣ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ አንድ ሌሊት ውጭ ለማደር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ቦርሳና ድንኳን ከመግዛት ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የሚቆረጠው ማደሪያው ነው፤ ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደሚገኝ፤ ከዚያ ርቀቱ። ቦርሳው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ምን ያህል ኪሎ እንደምትሸከሙ የሚወስኑት እነዚያ ሦስቱ ናቸውና። ምንጭ አጠገብ ለሚያድር ሰው የተዘጋጀ የዕቃ ዝርዝር እኛ ዘንድ አይሠራም። እዚህ ታች ሙቀት፣ ላይ ብርድ፣ መሃል ገደል፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ።

ስሌቱ ሁሉ የተሠራው ለአንድ አዋቂና ዕድሜው ከ6 እስከ 10 ዓመት ለሆነ አንድ ልጅ ነው። ሁለት አዋቂ ከሆናችሁ ሸክሙ ይቀላል፤ ርቀቱ ግን አይጨምርም። ርቀትን የሚወስነው ልጁ ነው።

ቁልቁለቱ አያታላችሁ

የድሬዳዋ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ በመኪና ደንገጎ ወጥቶ ወደ ከተማው በእግር መውረድ ነው። ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለልጅ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ላይና ታች 5 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ጠዋት ከላይ ተነስቶ የሚወርድ ሰው ቀኑም እየጋለበት፣ ቦታውም እየጋለበት ነው የሚሄደው። ልጁ በጣም የሚደክምበት፣ ውሃው የሚያልቅበት ሰዓትና ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ አንድ ላይ ይገጥማሉ። በዚያ ላይ 800 ሜትር ሙሉ ቁልቁለት የእግር ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር ሲያላትም ይውላል። ሽቅቡማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሚሻለው ላይ ወጥቶ ላይ መቆየት ነው። ከደንገጎ እስከ አዴሌና ሐሮማያ ያለው ደጋማ አገር ማሳና እርከን የሞላበት፣ መንደሩ ተቀራራቢ የሆነ፣ ልጅ ቢደክም ከመንገድ ብዙም የማይርቅ ነው። ከሐረር የሚነሳ ሰው በአወዳይና በሐሮማያ በኩል ሲመጣ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድም አይገጥመውም። አስፋልቱን ግን ተከትላችሁ አትሂዱ። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ሰዓት ለመቅደም እንዴት እንደሚነዱ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የመንደር መንገድና የአህያ መንገድ ምረጡ። የግድ አስፋልት ዳር መሄድ ካለባችሁ መኪናው ከፊታችሁ በሚመጣበት ወገን ሁኑ፤ ልጁ ከአስፋልቱ በራቀው ጎን ይሁን፤ ኩርባ ላይ አትሻገሩ።

ሐረር ላይ ሐኪም ጋራ አለ፤ ከከተማው ቅርብ ስለሆነ ለግማሽ ቀን ልምምድ ይበቃል፤ ማደሪያ ግን አይደለም። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ለዚህ ዓይነት ጉዞ አይሆንም፤ ዝሆን በሚንቀሳቀስበት አገር ልጅ ይዞ በእግር አይኬድም።

ከሁሉ በላይ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አትደሩ፤ ምሳም አትብሉበት። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ደልዳላ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥላ አለ፤ ስለዚህ ይጋብዛል። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው የሞተው ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ጎርፉ የወረደው ታች ስለሆነ ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎም ውሃው ሊመጣ ይችላል።

ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ማሳው አልጨቀየም፣ ሙቀቱም ገና ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሊጥል ይችላል። ከታኅሣሥ 19 በፊትና በኋላ ያሉትን ቀናት ግን ዝለሏቸው፤ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ መኪናም ማረፊያም አይገኝም። ለንግሡ ከድሬዳዋ በእግሩ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ልጅ ይዞ የሚወጣም አለ። ያንን አይቶ «የኔም ልጅ ይችላል» ማለት ትክክል አይመስለኝም። እነሱ በሕዝብ መሃል ነው የሚሄዱት፤ ሲደክማቸው የሚያሳርፍ፣ ሲጠማቸው የሚያጠጣ አያጡም።

ማደሪያው የሰው ግቢ ነው

ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ብቻችሁን ድንኳን አትትከሉ። አጥር ያለው የገበሬ ግቢ ውስጥ እደሩ። ይህንን የምለው በአንድ ጊዜ አራት ችግር ስለሚፈታ ነው፦ ጅቡን፣ ውሃውን፣ እሳቱን፣ እንዲሁም «ይሄ ሰው ማነው፣ እዚህ ምን ያደርጋል» የሚለውን ጥያቄ።

ባለቤቱን ቀድማችሁ ሄዳችሁ አግኙት። ስልክ ብቻ አይበቃም፤ ግቢውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ስትሄዱ የምታዩት እነዚህን ነው፦ አጥሩ ዙሪያውን የተዘጋ ነው ወይ፣ በሩ ማታ ይዘጋል ወይ፣ ከብቶቹ የት ያድራሉ (ድንኳኑ ከበረቱ ይራቅ፤ መዥገርና ቁንጫ አለ)፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ውሃ ከየት ይቀዳሉ፣ ውሻው ታስሮ ነው የሚውለው ወይስ ተፈትቶ። ገንዘቡንም ያኔ ተስማሙ፤ ማታ ላይ የሚነሳ የሒሳብ ክርክር ልጅ ፊት ደስ አይልም። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለቀበሌው አሳውቁ፤ የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው ጠይቁ፤ ከዚያም ከመነሻችሁ በፊት ባለው ቀን ደውላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። «ትንሽ ቆዩ» ካሏችሁ ምክንያቱን ለማወቅ አትከራከሩ፤ ቀኑን ቀይሩ።

ሲሄዱ ስኳርና ሻይ ቅጠል መያዝ የተለመደ ነው። የብዙው ሰው ቤት የሙስሊም ቤት ስለሆነ መጠጥ አይያዝም፤ ሥጋ ያለበት ምግብም ባይያዝ ጥሩ ነው፤ የአራጁ ነገር አንድ ላይ ተቀምጦ መብላትን ያስቸግራል። በቆሎና በዳቦ ማንም አይቸገርም።

ስለ ጅቡ። ሐረር ያደገ ልጅ ጅብ ሲበላ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰው በእንጨት ጫፍ ሥጋ ሲያጎርሰው ተመልክቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ልጁ ጅብ ለማዳ እንስሳ ነው ብሎ ካሰበ በባትሪ ብርሃን ዓይኑ ሲያበራ ቢያይ ሊጠጋው ይችላል። የመንደሩ ጅብ ያ እንዳልሆነ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። ድምፁንም ቀድሞ ይወቀው፤ ሌሊት ላይ ድንገት ከሰማው የሚደነግጠው የማያውቀውን ነገር ስለሆነ ነው። ጅብ ቆዳ ስለሚበላ ጫማ፣ ቀበቶና ምግብ ውጭ አይደር፤ ምግቡ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን ባለቤቱ ቤት ውስጥ ይግባ። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ይሽና። ሌሊት ቢነሳ ብቻውን አይወጣም፤ ባትሪ አብርታችሁ፣ አብራችሁ፣ ከግቢው ሳትወጡ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ከጅቡ ይልቅ የሚነክሰው የግቢው ውሻ ነው። ስትደርሱ ከአጥር ውጭ ቁማችሁ ባለቤቱን ተጣሩ፤ ውሻው እስኪያዝ አትግቡ። ልጁ እንዳይሮጥ፣ ዓይን ዓይኑን እንዳያየው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከቤት አለማምዱት። ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ጉዞው ያኔ አበቃ፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው። ትንሽ ጭረት ናት ተብሎ አይታለፍም።

ሰዓቱ

ልጅ ዕረፍቱን ጨምሮ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብላችሁ አስሉ። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ 20 ደቂቃ ጨምሩ። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ሆኖ 200 ሜትር ሽቅብ ካለው፣ 2 ሰዓት ሲደመር 40 ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ አይለፍ። አዋቂ ብቻውን በአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ የሚጨርሰው መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፣ በራሱ እግር ይለካና።

በስልክ ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ስባችሁ ርቀቱን ካወቃችሁ በ1.3 አባዙት፤ የእርከንና የማሳ ዳር መንገድ ይጠማዘዛል። ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ ያሳያል፣ ባትሪውንም በአውሮፕላን ሁነታ ማቆየት ይቻላል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መራመድ ጀምሩ፤ 5 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ሲደርስ ይታያል፦ ፀሐይ ሳትበረታ ጥላ ሥር ትሆናላችሁ፣ ድንኳኑ በቀን ብርሃን ይተከላል፣ ልጁ ግቢውንና ሽንት ቤቱን ይለምዳል፣ ከቤቱ ልጆች ጋር ይጫወታል። ታኅሣሥ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ጨለማው ፈጣን ነው። የመመለሻ ሰዓትም ቁረጡ፤ 4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ግማሽ መንገድ ካልደረሳችሁ ተመለሱ። ይህንን ልጁ ይወቀው፤ ሲመለስ የተሸነፈ እንዳይመስለው።

ልጁ ፊት ይሂድ። አዋቂ ፊት ሲሆን ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ልጁ ለመድረስ ይሮጣል፣ በግማሽ ሰዓት ይደክማል። በየ30 ደቂቃው 10 ደቂቃ ጥላ ሥር ዕረፍት፤ ውሃ ሳይጠማው ይጠጣ። «አልሄድም» ብሎ ከተቀመጠ ከመለመን በፊት በዚህ ቅደም ተከተል አጣሩ፦ ውሃ፣ ምግብ፣ እግር፣ ሙቀት፣ ከዚያ መሰልቸት። አብዛኛው ጊዜ ከሁለቱ ከመጀመሪያዎቹ አያልፍም። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ወይም ለ5 ሰዓት ያህል ካልሸና ግን ሙቀት ነው፤ ጥላ ሥር አስተኙት፣ ልብሱን አላሉለት፣ አንገቱንና ብብቱን በውሃ አርጥቡ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ግራ መጋባት ወይም መቀባዠር ከጀመረ መኪና ፈልጉ፤ ይህ የሚያድር ነገር አይደለም።

ውሃና ሸክም

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ጉዞው የሚበላሸው ይህንን ባለማሰብ ነው።

ለአዋቂ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር፣ ለልጁ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ለመጠጥ ያስፈልጋል። ምግብ ካበሰላችሁ 2 ሊትር፣ ለእጅና ለዕቃ አንድ ሊትር ጨምሩ፤ ወደ 8 ወይም 9 ኪሎ ሆነ። ማንም ይህንን ከድንኳን ጋር ተሸክሞ ልጅ መከታተል አይችልም። ስለዚህ ለመንገዱ ብቻ 3 ሊትር ያዙ፤ ግማሽ ሊትሯን ልጁ በራሱ ሃይላንድ ይያዝ፤ የቀረውን ማደሪያው ላይ ቅዱ። አሮጌ ጀሪካን ከያዛችሁ ቀድሞ ዘይት ወይም ጋዝ ያልነበረበት መሆኑን አሽትታችሁ አረጋግጡ።

ከመንደር የተቀዳውን ውሃ ጥርት ስላለ ብቻ ለልጅ አትስጡ። ከደፈረሰ መጀመሪያ በተጣጠፈ ነጠላ አጥልሉ፤ ከዚያ ወይ አፍሉት ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር ከሆነ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈው ለ20 ሊትር ጀሪካን መሆኑን አትርሱ፤ ለሁለት ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ክዳን የጨመረ ልጁ እስከ መጨረሻው አይጠጣለትም። ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሽታውን ከጠላው ክፍት አድርጎ ማቆየት ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ልጅ ከክብደቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ አይሸከም። 22 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 2.2 ኪሎ ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳው ይበቃዋል። ባዶ ቦርሳ 500 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ውሃ 500፣ ሹራብ 350፣ ቆሎ 150፣ ባትሪና ፊሽካ 100፣ ትርፍ ካልሲ 50፦ 1,650 ግራም። የቀረው ለሚወደው መጫወቻ ነው። ሲደክመው ቦርሳውን ወደ እናንተ ስለሚያሸጋግረው ያንን ክብደት ከአሁኑ በራሳችሁ ላይ ቁጠሩት።

65 ኪሎ ለሚመዝን ጀማሪ አዋቂ 13 ኪሎ ምቹ ነው፤ 16 ጣሪያው ነው። የተለመደውን ብንደምር፦ ድንኳን 3 ኪሎ፣ የሁለት ሰው መኝታ 2.7፣ ስፖንጅ 1፣ ምድጃና ድስት 1.5፣ ምግብ 2፣ ልብስ 1.5፣ መድኃኒት 0.5፣ ቦርሳው ራሱ 1.5፣ ውሃ 4። 17.7 ኪሎ ነው፤ አልፏል። የሚቆረጠው ምድጃው ነው። የሰው ግቢ ስለምታድሩ እሳት አለ፤ የፈላ ውሃና ሻይ ይገኛል። ማብሰል ሲቀር ምግቡ ወደ 1.3 ኪሎ ይወርዳል፤ የምትይዙት ውሃም 2.5 ሊትር ብቻ ይሆናል። ጠቅላላው 14 ኪሎ ሆነ።

ከዚያም በላይ ለማቅለል አህያ ከነባለቤቱ ተከራዩ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የምትጭን አህያ የእናንተን ጓዝ አትሰማውም፤ ግራና ቀኙ እኩል መመዘኑን ብቻ እዩ። «ታዲያ መሸከሙ ምኑ ላይ ነው» የሚል ይኖራል። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የአዋቂው ጀርባ ባይፈተን ይሻላል።

ቦርሳው ውስጥ ከባዱ ነገር ከጀርባችሁ ጋር ተጠግቶ፣ በትከሻ መካከል ይሁን። ከታች ከተቀመጠ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሰውየው ለማመጣጠን ይጎብጣል፤ በሁለተኛው ሰዓት ወገቡ ይናገራል። የወገብ ቀበቶ ያለውን ቦርሳ ምረጡ። ልባሽ ተራ ውስጥ ቆንጆ ይገኛል፤ ስትገዙ ዚፑን ሙሉ ከፍታችሁ ዝጉ፣ የማንገቻውን ስፌት ጎትቱ፣ ዘለበቱን ብዙ ጊዜ ቆልፉና ፍቱ።

ምግብ

ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ቀን ተኩል፦ በሶ 300 ግራም፣ ቆሎ ከባቢሌ ኦቾሎኒ ጋር ተቀላቅሎ 300፣ ዳቦ 500፣ ቴምር 200። 1.3 ኪሎ የተባለው ይህ ነው። በሶውን ከቤት በስኳርና በትንሽ ጨው ለውሱትና በፌስታል ከፋፍላችሁ ያዙ፤ ሲርባችሁ ውሃ ብቻ ነው የሚቀረው። ቆሎና ኦቾሎኒ እየተራመዱ አይበላም፤ ልጅ እየሳቀና እየሮጠ ሲያላምጥ ያንቀዋል፤ ተቀምጦ ነው።

ጭኮ ኃይል ይሰጣል፤ ግን ቅቤው ድሬዳዋ ላይ መኪናው ሳይነሳ ይቀልጥና ቦርሳውን ያለብሳል። ከቀፊራ ገበያ የገዛችሁትን ሳምቡሳ መነሻው ላይ ብሉ፤ የሥጋውን ጭራሽ ተዉት። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ አደጋ ነው። ማንጎ ይከብዳል፤ ብርቱካን ሁለት ብትይዙ ግን ልጁ ይነቃቃል።

መኝታና ብርድ

ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ግቢ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ስለሚያድር ወላጁም ብርድን አቅልሎ ያያል። ታኅሣሥ ላይ የሐሮማያ ደጋ ሌሊቱን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ብርዱ በዋናነት የሚመጣው ከታች ነው፤ ሰው ሲተኛ የጋቢውና የብርድ ልብሱ ሥር በክብደቱ ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም። ስለዚህ ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመጨመር ከታች 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይሻላል። ለልጁ በ1.2 ሜትር በ50 ሳንቲሜትር አስቆርጡ፤ ጠቅልላችሁ ከቦርሳው ውጭ እሰሩት፣ በላስቲክም ሸፍኑት። ከስፖንጁ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ላስቲክ ይነጠፍ፤ እርጥበቱ ከመሬት ይወጣልና። ልጁ በሄደበት ልብስ አይተኛ፤ ላቡ ያበርደዋል፤ ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ቀይሮ ይግባ።

ርካሽ ድንኳን አንድ ንብርብር ስለሆነ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ውስጡ ይጤዛል። መስኮቱን ጥቂት ክፍት ተዉት፤ መኝታው ግድግዳውን አይንካ። መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ካስማው ካልገባ ገመዱን ከከባድ ድንጋይ ጋር እሰሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ትከሉት፤ የጎደለ ዘንግ እዚያ ይገኝ።

ሽርጥ አንድ ትርፍ ያዙ። ጥላ ይሆናል፣ ፎጣ ይሆናል፣ ልጅ ልብስ ሲቀይር መጋረጃ ይሆናል፣ ክብደቱም ምንም ነው። የወባ ትንኝ ነገር ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ወባ ብቻ ሳይሆን ደንጊና ቺኩንጉንያም ታይቷል፤ እነዚህን ሁለቱን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነክሰው። ስለዚህ ረጅም እጅጌና የትንኝ ቅባት ከመነሻው ጀምሮ ነው፤ ቅባቱ የልጁ መዳፍ ላይ አይቀባ፣ ወደ ዓይኑና ወደ አፉ ይወስደዋል።

እግርና መድኃኒት

አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይገዛም። ከተገዛም ሁለት ሳምንት ይደረግ። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር፤ ጥፍሩ ከመነሻው ቀን በፊት ይቆረጥ። በመጀመሪያው ዕረፍት ላይ፣ ልጁ ባይናገርም፣ ጫማውን አውልቃችሁ ተረከዙን እዩ። ቀልቶ ከሞቀ ፕላስተር ያኔ ነው የሚለጠፈው፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ መለጠፍ ሕመሙን አያቆመውም። ስስ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ በግራር እሾህ አገር ላይ አይሆንም፤ እሾሁ ሶሉን አልፎ ይገባል። ወረንጦ ያዙ።

ልጁ ማገዶ ልልቀም ቢል ቁልቋል እንዳይነካ አስጠንቅቁት። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ደቂቃ መታጠብና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጫት ቅጠልም ቀጥፎ አፉ ውስጥ እንዳይከት፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፤ የሰው ንብረትም ነው። ጠዋት ጫማ ከመደረጉ በፊት ይራገፍ፤ ጊንጥ ይገባበታል።

የመድኃኒቱ ከረጢት ትንሽ ናት፦ ለምለም የሚባለው ከሰውነት የወጣ ፈሳሽ መተኪያ ዱቄት ሁለት ከረጢት (አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል)፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ የልጅ ፓራሲታሞል። ፓራሲታሞል በክብደት ነው የሚሰጠው፣ ለ20 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም፤ ሽሮፑ ስንት እንደያዘ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ መለኪያውንም አትርሱ። እባብ ከነደፈ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ የለም፤ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ተሸክሞ ወደ መኪና ነው፤ ከሐረር ወገን ሕይወት ፋና፣ ከድሬዳዋ ወገን ድል ጮራ ሆስፒታል አለ። የባለ መኪና ስልክ ከመውጣታችሁ በፊት መዝግቡ፤ ቤት ለሚቀረውም ሰው የግቢውን ባለቤት ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ትታችሁ ሂዱ። አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከድሬዳዋ የሚነሳ ልጅ የመጀመሪያው ችግር መንገዱ ላይ ሳይሆን ሚኒባሱ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ያስመልሳል። ቁርሱ ቀለል ያለ ይሁን፤ ወተትና ዘይት የበዛበት ነገር አይብላ። ለልጁም መቀመጫ ክፈሉለት፤ ወደ ፊት፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ስልክ አይይ፣ ሩቁን ይመልከት። ፌስታል በእጅ ይያዝ። ካስመለሰ ስትወርዱ ወዲያው አትነሱ፤ 20 ደቂቃ ተቀምጦ ለምለም በጥቂት ጥቂቱ ይጠጣ፤ የወጣውን ውሃ ሳይተካ ከሄደ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀመጣል።

ልምምዱ ጀጎል ዙሪያ ነው

ሐረር ለዚህ የሚመች የተሰጠ መለኪያ አላት። የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን መንገዳችሁ ብዙም አያንስም። እሑድ ጠዋት ልጁ የጉዞውን ጫማ አድርጎ፣ የጉዞውን ቦርሳ ተሸክሞ፣ ግንቡን እየተከተለ ይዙር። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ በየበሩ ዕረፍት፣ በየበሩ ውሃ። የት ላይ እንደተነጫነጨ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት እንደጠጣ መዝግቡ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከፈጀበት የጉዞውን ርቀት ወደ 3 ኪሎ ሜትር ዝቅ አድርጉ። የድሬዳዋ ሰው ከሳቢያን ወይም ከከዚራ ተነስቶ ጠዋት በማለዳ ያንኑ ያህል ርቀት ይለካ፤ 3 ሰዓት ሳይሆን ይጨርስ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ፣ ያው ድንኳን፣ ያው ስፖንጅ፣ ምንም ነገር ከቤት ሳይወጣ። «ባትሪው የት ነው» የሚለው ጥያቄ እዚያ ይለቅ።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ከጠበቃችሁት በላይ ይደክማል፤ በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ አዲስ መንገድ አትሞክሩ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት መኪና ላይ ሁኑ። የያዛችሁትን ፌስታልና ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ከብት ፌስታል ይበላል፣ ሆዱ ውስጥ ይቋጠርበታል። ቤት ስትደርሱ ድንኳኑን በዚያው ቀን ዘርጉት፤ እርጥቡን የተጠቀለለ በሦስት ቀን ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።

ብዙ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ቁንዱዶን ያስባል። ጉርሱም ላይ ያለው ያ ጠፍጣፋ ተራራ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች የሚኖሩበት ስለሆነ ልጅ ይጓጓለታል። ቁመቱ ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አናቱ ላይ ያለው ሌሊት ከሐሮማያው በ6 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ዳገቱም ቀጥ ያለ ነው። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላ፣ በፉኛን ቢራ በኩል መንገድ የሚያውቅ ሰው ተይዞ፣ አናቱ ላይ ሳይታደር በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ይሻላል። እስከዚያ የደንገጎን ግቢ ሁለተኛ ጊዜ፣ በዚህኛው ዙር ምድጃውን ጨምራችሁ ሞክሩት።